ማንም ሳይሞት የሚነፋ ጥሩምባ

ከአገር የወጣሁ ማታ እማዬ ኤርፖርት አልመጣችም። ቤታችን ከቦሌ ማኮብኮቢያ ጀርባ ስለሆነ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ «መሄድሽን ጣራው ይነግረኛል። ብቻ ድነሽ ነይ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

የመውጫ ፈቃዴን ያየው ጓድ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ።

«ለሕክምና ይላል። አንቺ እኮ ቀጥ ብለሽ ቆመሻል!»

«ጓድ፣ ወገቤን የሚያመኝ ጠዋት ጠዋት ነው።»

«እንግዲያው ጠዋት ነያ!» ብሎ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ።

ሌሊቱን ተቀምጬ አድሬ ሮም ስደርስ ወገቤ ደርቆ አልቃና አለ። አክስቴ ዘነበች የተከራየችበት ቤት ስንደርስ የቤቱ ባለቤት ሲኞራ በሩን ከፍታ «ቻው!» አለችኝ። ቻው! እኛ ሰው ስንሸኝ የምንለውን! ሳልገባ አባረረችኝ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ። ለካ እዚህ አገር ሲመጡም ቻው ነው። መጉበጤንም አይታ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ! አጎንብሳ ሰላም አለችኝ» አለቻት ለአክስቴ። አክስቴም አላረመቻት።

አክስቴ ሥራ ስትውል ብቻዬን ነኝ። ሳስነጥስ ራሴው ይማርሽ፣ ራሴው ያኑርሽ እላለሁ።

ሐኪሙ ሲያስረዳ አክስቴ ታስተረጉማለች። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ፕሮቲን እየላኩ «ጠላት መጣ፣ ኑ!» ይባባላሉ አሉ። እኔ ዘንድ ግን ጠላት ሳይኖር ጥሪው አያቆምም፤ የተጠሩት አከርካሪዬ ላይ ተሰብስበው ያስቆጡታል፣ እያደር አጥንቱ ይጣበቃል። አክስቴ መሀል ላይ ቃል አጠራት። እኔ ግን ገባኝ!

«አክስቴ፣ የእድር ጥሩምባ ነዋ! ማንም ሳይሞት ጥሩምባ ነፊው ይዞራል፤ ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ ወገቤ ላይ ድንኳን ይተክላል! ታዲያ ጥሩምባውን ለምን አይቀሙትም? ጠይቂልኝ።»

ሐኪሙ ሳቁ። «መልእክተኞቹን ገና እያጠናናቸው ነው። ማስታገሻ አለን፣ ዋና ትዋኚያለሽ። የሚያድን ግን የለንም።»

እሑድ ጎረቤታችን ቤት ደወልኩ። እማዬ ስልኩ አጠገብ ስትጠብቅ ነበር።

«ዳንሽልኝ? መቼ ልትመጪ?»

«እማዬ፣ ይሄ በሽታ እኮ…»

ከበስተኋላዋ ጥሩምባ ሰማሁ። የእውነቱን፣ የሰፈራችንን።

«ውይ፣ ሰው ሞቷል! ልሂድ የኔ ልጅ።»

«ማን ነው?»

«እንጃ፣ ገና እየጠራ ነው። ድነሽ ነይ እሺ? ቻው!»

እኔም «ቻው» አልኳት፤ የሲኞራን ቻው፣ የመምጫውን።