ለጅብ ጩኺ፣ ለሰው ዝም በይ

ሥጋ ቤት በር ላይ ሳንባ ተንጠልጥሎ ሳይ ዛሬም እግሬ ይቆማል። የመርሳ ከተማው ሥጋ ሻጭ ያውቀኛል፤ «አባ፣ ሳንባ ልቁረጥልዎ?» ይለኛል እያሾፈ። ሰው ሳንባ የሚገዛው ለውሻ እንደሆነ ያውቃል፤ እኔ ውሻ እንደሌለኝም ያውቃል። አልፌው እሄዳለሁ። ያ እርጥብ፣ ደም ደም የሚል ሽታው ግን እስከ መስጊዱ ድረስ ይከተለኛል። ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ያን ዓመት እውነትም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ያን ዓመት የምልህ ጦርነቱ እኛ አገር ገብቶ የወጣበትን ዓመት ነው። ሰዉ ሲሸሽ ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ነው የወጣው። ውሻ ማን ያስታውሳል? የወልዲያውም የመርሳውም ውሻ የተዘጋ በር ላይ ቀረ። ሰው ሲመለስ እኩሉ ውሻ ቤቱን ረስቷል፤ ለእኩሉ የተመለሰለት ሰው የለም። ደግሞ ወሬው ነበር፤ በየማሳው ከወደቀው ሬሳ በልተዋል የሚል። እውነት ነው ወይ ብትለኝ፣ እውነት ነው። የበላም ነበር፣ ያልበላም ነበር። የውሻ ፊት ላይ ግን ይህ ተጽፎ አይገኝም።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ነበረች፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ። እሷ ናት ከየመንገዱ እየሰበሰበች ባዶ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ያስገባቻቸው። ቀበሌው መርዝ ሊያበላቸው ወስኖ ነበር፤ ለምና ቀን አስቆረጠች። «ክትባቱን እኔ እወጋቸዋለሁ፤ ክረምት እስኪገባ ባለቤት ያገኘ ይኑር፤ ያላገኘውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለች። ያኔ ነው እኔን የፈለገችኝ። ሲሪንቃ ማሳ ዳር ሃያ ዓመት ዘበኛ ነበርኩ፤ ጃርትና ዝንጀሮ የሚያባርሩትን ውሾች ሥራ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

«አባ፣ ሰው ቤት የሚያስገባ ጠባይ ያስይዙልኝ» አለችኝ።

«ውሻ ሰው ቤት አይገባም። ደጅ ነው የሚያድር» አልኳት።

«እሺ አባ፣ ደጅ የሚያሳድር ጠባይ» ብላ ሳቀች።

መጋዘኑን መጀመሪያ የገባሁ ቀን አይረሳኝም። ቆርቆሮው በጥይት ተበሳስቶ ብርሃኑ በየቀዳዳው እየገባ የውሾቹ ጀርባ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ወርዷል። የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሃያ ምናምን ውሻ አለ፣ ድምፅ ግን የለም። ውሻ ሲሰበሰብ ይንጫጫል፣ ይናከሳል። እነዚያ ዝም። ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘው እጄን ያያሉ፤ ምን ይዞ መጣ እንደሚል ሰው።

ከነሱ አንዷ ዳማ ሴት ነበረች። ወልዲያ ከተቃጠለ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘኋት አለችኝ ሐኪሟ። አመዱን ትታ አልነሳም ብላ በጆንያ ተይዛ ነው የመጣች። ግራ ጆሮዋ ተቀዷል። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ቡቺ ብላት፣ መቻል ብላት አትዞርም። ተውኩት። «አንቺ» እላታለሁ፣ ትመጣለች።

በዚያው ሰሞን ግራና ከሚባለው አገር አንዲት ሴት መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር የቀረች። ያላት ሀብት ፍየሎች ናቸው፤ ስድስት የነበሩት አራት ቀርተዋል። በዚያ ዓመት ጅቡ የሰው ሥጋ ለምዶ ደፍሮ ነበር፤ ሁለቱን ከጉረኖ አውጥቶ ወስዶባታል። እነዚያ አራቱ ካለቁ የልጅቷ ወተትም፣ የዓመቱ ልብስም አለቀ።

«ውሻ ፈልጌ ነበር። የሚጮህ ግን አልፈልግም» አለች።

«የማይጮህ ውሻ ምን ያደርግልሻል እህቴ? ድንጋይ አስቀምጪ በቃ» አለቻት ሐኪሟ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። መሬት መሬት እያየች ነገረችን። ባሏ ማሽላ ውስጥ ተደብቆ ነበር። የገዛ ውሻቸው ተከትሎት ገባ። ታጣቂዎች በመንገዱ ሲያልፉ ውሻው ጮኸባቸው፤ ጌታውን ሊጠብቅ ነው እኮ። እነሱ ደግሞ ድምፁን ተከትለው ገቡ።

«ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮህ ሮጬ በሩን እቀረቅራለሁ። ልጄማ ልብሷ ላይ ትሸናለች። ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ እየተባለ ነው። ለጅብ ይጩህ፣ ለሰው ዝም ይበል። እንዲህ ያለ ይገኛል አባ?»

ሐኪሟ አይገኝም ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «ይገኛል» አልኩ። የኔ ነገር ይሄው ነው። ሰው አይሆንም ሊል ሲል ካየሁ፣ መሆን አለመሆኑን ሳላስብ ይሆናል እላለሁ። በዚህ ጠባዬ ስንት ነገር አበላሽቻለሁ መሰለህ።

ሁለት ወር ከዳማዋ ጋር ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ሳንባ በትንንሹ እየቆረጥኩ ኪሴ እጨምራለሁ። ሰው ሲያልፍ ስታጉረመርም አፏን በእጄ ያዝ አደርጋለሁ፤ መምታት አልመታኋትም። ዝም ስትል ሳንባ። ዱላ የያዘ፣ የሚሮጥ፣ መለዮ የለበሰ፣ ብዙ ሆኖ የሚያልፍ፣ ሁሉንም በየተራ። የወታደር መኪና መጣ ሲባል ይዣት አስፋልት ዳር እቀመጣለሁ። አቧራው ይሸፍነናል፤ ጎኗ እግሬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በወሩ፣ ከተማው በሙሉ ቢያልፍባት ትንፍሽ የማትል ሆነች።

ዕቃ አለመላስም ማስተማር ነበረብኝ። የሴትዮዋ ቤት እንደኔው የእስላም ቤት ነው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። አንድ ቀን ለሶላት ውዱእ ያስቀመጥኩትን ጆግ ላሰችው። ቁጭ ብዬ በአፈር ስፈትግ ሐኪሟ ደረሰች።

«አባ፣ ዛሬ ደግሞ የሚያሰለጥኑት ጆጉን ነው?»

«ሂጂ ወዲያ! ተማሪሽ ናት ያበላሸችው።»

ውሻዋ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ጭራዋን ስትቆላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

የቀረው የጅቡ ትምህርት ነበር። ከጅብ ጉድጓድ አፍ ሽታው ያለበት አፈር አምጥቼ በጨርቅ ቋጠርኩና አጥር ለአጥር ጎተትኩት። የጀርባዋ ፀጉር ቀጥ አለ። ድምፅ ግን የለም። ዞራ ታየኛለች። «ጩኺ!» አልኳት። ታየኛለች። ቢቸግረኝ እኔው ራሴ እንደ ውሻ ጮህኩላት፣ በዚህ ጢሜ፣ ሰው እያየ። ሐኪሟ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። ከስንት ቀን በኋላ ዳማዋ አንዲት ጊዜ ጮኸች። ወዲያው ግን አንገቷን ደፍታ እጄን አየች። ሳንባ ሰጠኋት። በቃ አወቀች አልኩ።

ያኔ ሐኪሟ አልሳቀችም። «አባ፣ ዓይኗን ይዩት እንጂ። ፈቃድ እየጠየቀችዎ ነው። እርስዎ በሌሉበት ማንን ልትጠይቅ ነው?»

«ሃያ ዓመት ውሻ ያስለመድኩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው።»

ጊዜም አልነበረን፤ ይህን ብዬ ራሴን አጽናናለሁ አንዳንዴ። ለመጋዘኑ የእርዳታ ስንዴ ይመጣል፣ ውሾቹ ይውጡ ተባለ። ባለቤት ያላገኙት ሥጋ ተሰጣቸው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልነግርህም። ዳማዋ በዚያ ሰዓት ከኔ ጋር በግራና መንገድ ላይ ነበረች፤ ገመዷ ላልቶ፣ ከጎኔ ጎኔ።

ደርሰን ዳማዋን ሴትዮዋ ደጅ ላይ አሰርኳት። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታያለች። ጎረቤቶቹን ዱላ ይዘው በደጁ እንዲያልፉ አደረግኩ። ትንፍሽ የለም። ተመልሰው በሩጫ እንዲያልፉ አደረግኩ። የለም። ልጅቷ ቀስ ብላ ወጥታ ጀርባዋን በአንድ ጣቷ ነካቻት፤ ቀጥሎ በመዳፏ። እናትየዋ «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ አባ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደረቴን ነፍቼ ወደ መርሳ ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት፣ ሴትዮዋ መርሳ ድረስ በእግሯ መጣች። ጭቃው ጉልበቷ ደርሷል።

«ፍየሎቹ ደህና ናቸው አባ» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። ነገሩ ገባኝ።

ሄድን። ዳማዋ ጉረኖው በር ላይ ተዘርግታ ነበር። ዙሪያዋን ጭቃው እንደታረሰ ተገልብጧል። አንድ ጅብ አይደለም የመጣው፤ አንዴ ታግላም አይደለም የወደቀችው። ከበሩ ግን ክንድ አልራቀችም። ፍየሎቹ ከውስጥ ያመሰኳሉ።

«ከዚህ ግድግዳ ማዶ እኮ ነው የተኛሁት» አለች ሴትዮዋ። «ዱላ አለኝ፣ ባትሪ አለኝ። ጅብ ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል። አንዴ ጮሃ ቢሆን። አንዴ ብቻ።»



የሞተ ውሻ እኛ ዘንድ እግሩ ታስሮ እስከ ገደል ይጎተታል። አንዱ ጎረቤት ገመድ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ «አትጎተትም» አለች። ጋቢዬን አንጥፌ ጠቀለልኳትና ተሸከምኳት። «ሽማግሌው ጋቢውን ነጃሳ አደረገው» ሲል ሰማሁ ሰውየው። አዎ አደረግኩት። ትከብደኛለች ብዬ ነበር፤ አልከበደችኝም። ሴትዮዋ በዶማ፣ እኔ በእጄ፣ ከማሽላው ዳር ቆፈርን። ልጅቷ ደጅ አልወጣችም።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ልክ ነበርሽ ልላት ነው የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ያቺኑ ቃል ስደጋግም ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ፊቷን ሳይ አወቅኩ። ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ እሷ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ምናለ በወቀሰችኝ። 

ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ ተኩስ ቀረበ ተባለ፣ ሰዉ እንደገና ሸሸ። ሐኪሟም ከሰዉ ጋር ሄደች። ደሴ ናት ያለኝ አለ፣ የለም ከዚያም አልፋለች ያለኝ አለ። አልተመለሰችም።

ልክ ነበርሽ ልላት የሄድኩ ቀን የተጨዋወትነው ስለ ዝናብ ነው።

«ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» አልኳት።

«በዛ አባ» አለችኝ።