ነጯ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ጉርድ ፎቶ አስፈለገኝና ደሴ ፒያሳ ከምትገኝ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ገባሁ። ፎቶ አንሺው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ቀልጣፋ ጎረምሳ ነው። «አባባ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» አለና አንዴ ብልጭ አደረገብኝ። ከወንበሩ ተነሥቼ የኮቴን ቁልፍ ቆልፌ ሳልጨርስ ፊቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። አንገቴን አስግጌ ሳየው፣ ከቅንድቤ በላይ ያለችው፣ እናቴ «ማርያም ስማህ ነው» የምትላት ጥቁር ምልክት የለችም።

«ምልክቴን የት አደረስካት?» አልኩት።

«አጠፋኋት አባባ። ለሁሉም ሰው ነው የማደርገው፤ ፊት ሲጠራ ያምራል።»

«መልሳት።»

ልጁ ሳቀ። አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ምልክቴ ተመልሳ ቅንድቤ ላይ ቁጭ አለች። ፎቶዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ወደ ሰፈሬ ወደ ሆጤ ሳዘግም ግን ሐሳቤ ያለው ልጁ በተጫናት ቁልፍ ላይ ነበር። እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ ያለች ቁልፍ ብትኖረኝ ኖሮ አንዲት እናት አላስቀይምም ነበር።

በደርግ ዘመን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በነበረ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ፎቶግራፍ ተምሬያለሁ። ኮሌጁ በዋናነት የሚያስተምረው የማሽን ጥገና ነው። እኛ አሥራ ሁለት የፎቶግራፍ ተማሪዎች የተሰጠን ከግቢው ጥግ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር፤ መስኮቶቹን በጥቁር ቀለም ቀብተን ጨለማ ክፍል አደረግነው። ካሜራችን ሁለት ብቻ ሲሆን፣ አንደኛው ሲነሣበት የበር መቀርቀሪያ የሚዘጋ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። አባቴ ሆጤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የምማረውን ስነግረው የስፌት ማሽኑን አቁሞ፣ «ቆይ፣ ቁልፍ መጫን ዓመት ያስተምራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። እኔ ደግሞ ቁልፍ ለመጫን አልነበረም የሄድኩት፤ ሰዓሊ በቀለም የሚያደርገውን በብርሃን የማደርግ ሰው መሆን ነበር የምፈልገው። ይህን ለአባቴ ለመንገር አፈርኩ።

ሰኞ ማለዳ ከደሴ እወርዳለሁ። በክረምት ጦሳ ተራራ እግሩ ድረስ በጉም ይሸፈንና አውቶቡሱ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መብራቱን አብርቶ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ጆሮዬ ይደፈናል፤ ጥቂት ወርደን ይከፈታል፤ ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሸሚዜም ይከብደኛል። ከመናኸሪያው በር በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ጮርናቄ እገዛ ነበር። ዘይቱ ጋዜጣው ላይ ያለውን ፎቶ ሲያርሰው ከጀርባ ያለው ጽሑፍ በሰዎቹ ግንባር ላይ ያልፋል። ያን እያየሁ ስለ ብርሃንና ስለ ወረቀት እፈላሰፋለሁ። በዚያ ዕድሜ ሰው በጮርናቄም ይፈላሰፋል።

የተከራየሁት ከእትዬ ዘይነብ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር፤ ቦርከና ወንዝ ዳር። እትዬ ዘይነብ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ፤ ያን የምበላውን ጮርናቄ ጠብሰው ለመናኸሪያው ሻጮች የሚያስረክቡትም እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሰይድ ይባላል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ከሱ የቀራቸው አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት። በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከቅርንፉድ ጋር ስለሚያስቀምጧት ፎቶዋ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸታለች።

የፎቶግራፍ መምህራችን ጋሽ መኮንን ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ እጃቸው ሁልጊዜ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የሚሸት ሰው ነበሩ። በክፍል ውስጥ «ጓድ መምህር» እንላቸዋለን፤ በሩን ወጥተን ሁለት እርምጃ ስንራመድ ጋሼ ይሆናሉ። አንድ ነገር አይታገሡም፤ ፎቶ ላይ ያለ ነጭ ነጥብ። አቧራ ኔጋቲቩ ላይ ካረፈ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እሱን በቀጭን ብሩሽ፣ በቀለም እየነካኩ መድፈን ሪታች ይባላል። በክፍሉ ውስጥ በሪታች የሚበልጠኝ አልነበረም፤ እጄ ረጋ ያለ ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት ይመስለኛል። ጋሽ መኮንን አንድ ቀን ሥራዬን በአጉሊ መነጽር አይተው፣ «ይህ ልጅ አቧራ የሚባል ነገር መኖሩን ያስረሳል» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

ለመጨረሻ ፈተና የታዘዝነው አንድ አሮጌ ትንሽ ፎቶ አድሰንና አጉልተን እንድናቀርብ ነው። ከአሥራ ሁለታችን ሁለቱ አዲስ አበባ ለከፍተኛ ትምህርት ይላካሉ። የቀረነው የየቀበሌውን ጉርድ ፎቶ ስናነሣ እንኖራለን። ይህን በሰማሁበት ሳምንት እትዬ ዘይነብ የአብሽ ውሃ በጣሳ ይዘውልኝ መጡና ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ» አሉ። «ሰይዴ እንደ ዝንብ አንሶ ነው የሚታየኝ። አንተ ታተልቅ ይሉሃል፤ እስቲ አተልቅልኝ።»

«በደስታ፣ እትዬ። እንዲያውም ፈተናዬን በእሱ እሠራለሁ።»

«አደራህን፣ ያለችኝ እሷው ናት፤ ከአላህ በታች።»

«አብሽሩ» አልኳቸው፤ እሳቸው ለእኔ የሚሉኝን ቃል መልሼ።

ሰይድ በፎቶው ላይ የኮሌታው ቁልፍ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ሊስቅ ሲል «አትሳቅ» የተባለ የሚመስል ልጅ ነው። ጉንጩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። እኔ ሰይድን በአካል አይቼው አላውቅም። ነጭ ነጥብ ደግሞ አቧራ ነው፤ ዓመት ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ፎቶዋ ስትጎላ ነጥቧ ምስር ልታክል ነው፤ ያኔ መድፈኑ ይከብዳል። ከትንሿ ፎቶ ላይ ግን አንድ ጊዜ በብሩሽ ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃል። ጋሽ መኮንን ከዋናው ፎቶ ላይ እጃችሁን አንሡ ብለው ነበር። ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬም ላይ ጽፌዋለሁ። ያ ለእጀ ከባዶች ነው ብዬ ብሩሼን በምላሴ አሾልኩና ነካ አደረግኳት። ጠፋች። ከዚያ ፎቶዋን በካሜራ መልሼ አነሣኋት፤ ሁለት ትልልቅ ፎቶ አጠብኩ፤ አንዱ ለእትዬ ዘይነብ፣ አንዱ ለፈተናው። በሕይወቴ እስከዚያ ቀን የሠራሁት ትልቁ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ይዤላቸው ገባሁ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ወደ በሩ ብርሃን ዞር አደረጉት፤ አራቁት፤ አቀረቡት። ምርቃት ነበር የምጠብቀው።

«ይኼ ማነው?» አሉ።

«ሰይድ ነዋ፣ እትዬ።»

«ወላሂ አይደለም። ልብሱ የሱ ነው። ዓይኑም የሱ ነው። ልጁ ግን ሌላ ነው።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ጠባሳው የታለ?»

ለራሳቸው እንደሚያወሩ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሰይድ ገና ሲድህ፣ ጮርናቄ ሲጠብሱ፣ ዘይት ተፈናጥሮ ጉንጩን አቃጠለው። «በኔ እጅ ነው የተቃጠለ። የሄደ ለታ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እማ፣ የትም ብወድቅ በዚች ታውቂኛለሽ› አለኝ። አንተ እሷን አጠፋህብኝ?»

ትንሿን ፎቶ ከኪሴ አወጣሁላቸው። ለመደበቅ አስቤ ነበር፤ ያን ያህል ውሸት ግን አልነበረኝም። እሷም ላይ ጠባሳዋ የለችም። ቀለሙን በርጥብ ጥጥ ላስለቅቅ ሞከርኩ፤ ግራጫው ተዛመተና ከጉንጩ እስከ ጆሮው ደረሰ። እትዬ ዘይነብ እጄን ያዙና፣ «ተወው፣ በቃ ተወው» አሉኝ። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ክር ማየት ጀመርኩ።

ነጠላቸው ላይ ሰክተዋት ከኖረች መርፌ ጋር ሲታገሉ ሰማሁ። ትልቁን ፎቶ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ከዓይኑ ጥግ ወደ ታች እየለኩ ነበር መሰለኝ፤ የጣታቸው ሸተት ሸተት የሚል ድምፅ በወረቀቱ ላይ ይሰማል። ከዚያ መርፌዋ ጫር፣ ጫር አለች። የፎቶ ወረቀት ላዩ ሲላጥ ሥሩ ነጭ ነው። ይህን ማንም አልነገራቸውም።

«አሁን መጣ» አሉ። «አሁን የኔው ነው። አንተም አብሽር፤ ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ።»

ቀና ስል ፎቶውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አቅፈውት ነበር፤ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው።

ሁለተኛውን፣ ንጹሑን፣ ለፈተናው አቀረብኩት። ጋሽ መኮንን ለክፍሉ በሙሉ ከፍ አድርገው አሳዩት፤ «አንዲት ነጥብ ፈልጋችሁ አግኙልኝ» አሉ። ማንም አላገኘም። አንደኛ ወጣሁ፤ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ተማርኩ፤ ሲያልፍልኝም ለመጽሐፍ ሽፋንና ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን ፎቶ እያነሣሁ ኖርኩ። የደፈንኩት ጠባሳ መሆኑን መናገር ነበረብኝ? ምናልባት። ያኔ አልተናገርኩም፤ ብናገር የሚላከው ሌላ ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ መንግሥት ተለውጦ ኮምቦልቻ ስሄድ የእትዬ ዘይነብ ግቢ ተሸጦ በቦታው የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል። ሰይድ ይመለስ አይመለስ የነገረኝ ሰው የለም።

ከፎቶ ቤቱ የተመለስኩ ዕለት ያን ንጹሕ ፎቶ ከሳጥኔ አወጣሁት። ወረቀቱ ጥጉ ላይ ቢጫ ብሏል፤ ሰይድ ግን እንዳለ ነው፤ ሊስቅ ሲል «አትሳቅ» እንደተባለ። የሚስቴን መርፌ አመጣሁ። እትዬ ዘይነብ እንዳደረጉት ጭኔ ላይ ዘረጋሁትና መርፌውን አቀረብኩ።

የትኛው ጉንጩ ነበር? ግራው? ቀኙ? መጀመሪያ አቧራ ናት ብዬ በቅጡ ሳላያት ደፈንኳት። ኋላም እናቱ በመርፌ ሲመልሷት እኔ የጫማዬን ክር እያየሁ ነበር። አርባ ዓመት በዓይኔ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ዓይናቸው የደከመ ሴት በጣታቸው ለክተው ያገኙትን ቦታ እኔ አላውቀውም። መርፌውን እንደያዝኩ ጥቂት ተቀመጥኩና ወደ ቦታው መለስኩት።