መጨረሻ የሚበሉት ሻለቃ

ከምሠራበት የፋብሪካ ግምጃ ቤት መስኮት የመመገቢያ አዳራሹ ግማሽ ይታያል። አንድ ቀን የብሎን ካርቶን ላወርድ መሰላል ላይ እንደወጣሁ ዓይኔ ሳላስበው ወደዚያ ሄደ። ሠራተኛው በልቶ ወጥቷል። አዲሱ የምርት ኃላፊያችን ብቻቸውን አንድ ሳህን ይዘው ወንበር ስበዋል። ይኼኔ የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን በሽርጧ እያደራረቀች ገባች። ድስቱ ግን ታጥቦ ተደፍቷል። ኃላፊው ሳህናቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"ብዪ፤ እኔ በልቻለሁ" አሏት።

ከዚያ ወጥተው ከግቢው ቧንቧ ውኃ በእፍኛቸው ጠጡና አፋቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አለመብላታቸውን ያየን እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን።

እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በወታደር ቤት የጨረሱ ሻለቃ ናቸው። ጡረታ ወጥተው እኛ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲቀጠሩ የሦስት ወር ሙከራ ተሰጣቸው። ስለ ጣውላና ስለ ማጣበቂያ ብዙም አያውቁም፤ ሰው መምራት ግን አውቃለሁ ይሉ ነበር። ባለቤታቸውና ኮሌጅ ልትጨርስ ትንሽ የቀራት ልጃቸው ይህ ሥራ እንዲጸናላቸው ሲጸልዩ ነው የከረሙት።

ገና ለጋ መኮንን ሳሉ የያዙት አንድ ልማድ ነበራቸው። ወታደሩ በልቶ ሳይጨርስ እሳቸው እህል አይቀምሱም። "ምግብ ካነሰ መጀመሪያ የሚርበው አለቃው ይሁን፤ ያኔ ማነሱን ቶሎ ያውቃል" ብለው አዛዣቸው አስተምረዋቸዋል። በረሃም ይሁን ተራራ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው የመጨረሻው ወታደር ሳህኑን ሲጠርግ ያያሉ፤ ከዚያ የተረፈውን ይበላሉ። ወታደሮቻቸው ለዚህ ነበር "አባታችን" የሚሏቸው።

እኛ ፋብሪካም እንደዚያው የአዳራሹ ግድግዳ ጋ ቆሙ።

ያላወቁት ነገር ቢኖር ከእሳቸው በፊት የነበረው ኃላፊም ያው ግድግዳ ጋ ይቆም እንደነበር ነው። ያኛው የሚቆመው ማን እንዳረፈደ፣ ማን ዳቦ እንደደገመ ለፋብሪካው ባለቤት ለማቀበል ነበር። ሠራተኛው አዲሱን ሰው ሲያይ "ሌላው ደግሞ መጣ" አለ።

"ጉሮሮዬን እኮ ነው የሚያየው!" ይል ነበር ዋናው አናጢ፤ ሲለካ ስለሚውል ስሙ ተረስቶ ሚሊሜትር የሚባለው። "ስንት ጊዜ እንዳላመጥኩ ሳይቆጥርብኝ አይቀርም።"

አንዱ ሳያላምጥ ውጦ ይወጣል፤ ሌላው ዳቦውን ኪሱ ከቶ ከጣውላው ክምር ጀርባ ይበላል። ብዙዎቹ ጭራሽ መምጣት ተዉ። ሻለቃው ወንበሮቹ ሲሳሱ አዩና ምግቡ ቢበላሽ ነው ብለው ጠረጠሩ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከግድግዳው ተነሥተው ድስቱ አጠገብ ቆሙ!

"ሻለቃ፣ ጭልፋውን ልስጥዎትና እኔ ልረፍ እንዴ?" አለቻቸው ወጥ ሠሪዋ። ፈገግ አሉ እንጂ ነገሩ አልገባቸውም።

ረቡዕ ዕለት ባለቤቱ ቢሮ አስጠሯቸው።

"ሻለቃ፣ ሰዎቹ ከእርስዎ ጋር አንሠራም እያሉ ነው። ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ መጥቼ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። ቃላቸው ያው ከሆነ እንለያያለን።"

"ምን አጠፋሁ?"

"እሱንማ እርስዎ ይድረሱበት።"

ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ያን ምሽት ራታቸው ቀርቦላቸው ዝም ብለው ያዩታል።

"አትበላም እንዴ?" አሉ ባለቤታቸው።

"ልጅቷ ትብላ መጀመሪያ።"

"ልጅቷማ በልታ ጥናቷ ላይ ነች። አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ቤት ጦር ሰፈር አይደለም ስልህ አርጅቼ ልሙት?"

ሻለቃው ሥራው ሊያመልጣቸው መሆኑን ሊነግሯቸው ፈለጉ፤ ግን ሳህኑን ገፍተው ተነሡ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመጋዝ ክፍሉ በር ሲያልፉ ሚሊሜትር ወፍራም ጣውላ በክብ መጋዙ ላይ እየገፋ ነበር። ጣውላው ከመስመሩ ተንሻፈፈ። ሻለቃው ቆም አሉ፤ ይህ ሰው መስመር የሚስት ሰው አይደለም። ፊቱን ቢያዩት አመድ መስሏል። ወደ ፊት ዘመመ። እጁ ግን ጣውላውን እንደያዘ ከጣውላው ጋር ወደ መጋዙ ጥርስ እየሄደ ነው።

ዘለው ገቡ። በአንድ እጃቸው ቀዩን ማጥፊያ መቱ፤ በሌላው ኮሌታውን ጨምድደው ወደ ኋላ ጎተቱት። ሁለቱም ሰጋቱራው ላይ ተዘረሩ። መጋዙ እያፏጨ፣ እያፏጨ፣ ቆመ። ሚሊሜትር ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። ፈጣሪ ይመስገን፣ አንድም አልጎደለም።

"ምን ነካህ? አሞሃል?" ጮኹበት ሻለቃው።

"አላመመኝም።"

"ታዲያ?"

"ርቦኛል።"

"ምሳ እያለ?"

"እርስዎ ቆመው ጉሮሯችንን እየጠበቁ ማን ይበላል?" አለ ሚሊሜትር።

ሠራተኛው ተሰብስቧል። ሻለቃው ከወደቁበት ሳይነሡ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሁሉም ዓይን አንድ ነገር ነው የሚለው።

"እኔ እኮ እናንተ ሳትጠግቡ መብላት ስለማልችል ነው የምቆመው" አሉ ቀስ ብለው። "እኛ ጋ አለቃ መጨረሻ ነው የሚበላው።"

"እኛ ጋ ደግሞ ቆሞ የሚያይ ሰላይ ነው" አለ ሚሊሜትር።

ማንም አልሳቀም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከኋላ ብቅ አለች።

"ሻለቃ፣ ያን ቀን 'በልቻለሁ' ብለው ሳህንዎን የሰጡኝ በልተው ነበር?"

ሻለቃው ሰጋቱራውን ከጉልበታቸው ማራገፍ ያዙ።

"ደግ ነዎት ይሆናል" አለ ሚሊሜትር። "ግን እኛ ልብዎ ውስጥ ገብተን አናይ። ነገ ከሁላችን ቀድመው ይቀመጡ፤ ቀድመውንም ይጉረሱ። ሲበሉ ካየን እኛም እንበላለን። ለባለቤቱ የምንለውን ያኔ እናስብበታለን።"

"ትእዛዝ ነው?"

"ኧረ ልመና ነው! ትእዛዝማ የእርስዎ ሥራ አይደል?"

ያኔ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የቀሩት ግን ፊታቸው እንዳልተፈታ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መውጫ ሰዓት ሲደርስ ሻለቃው ግምጃ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። አዲስ የመጋዝ ምላጭ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መጽሐፌን አስቀምጬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ከመደርደሪያው አንድ የበር ማጠፊያ አንሥተው ይከፍቱት ይዘጉት ጀመር።

"ወንድሜ፣ አትስቅብኝም?"

"ኧረ አልስቅም።"

"በዚህ ሁሉ ዘመን የራበው ሰው ከኋላዬ ቆሞ እኔ ጎርሼ አላውቅም። ትናንት ቤቴም አልቻልኩም። ነገ እጄ እምቢ ካለኝ ያው ሰላይ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።" ማጠፊያውን ቦታው መለሱት። "እባክህ ነገ ከጎኔ ተቀመጥልኝ። የምሳ ሰልፉን ዞሬ ማየት ስጀምር በክርንህ ጎሸም አድርገኝ።"