ለራሔል የመጣ ብርቱካን

ዛሬ ኢስሊ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ብርቱካን ስትልጥ፣ ሽታው በደርግ ዘመን ተሰደን ወደኖርንበት ግቢ መለሰኝ።

ጎረቤታችን ራሔል አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ አገር ቤት ከታሰረ ወዲህ ዝም ብላ ከርማ፣ አንድ ቀን ራሷን ልታጠፋ ሞከረች። ተርፋ ከሆስፒታል ስትመለስ የጠየቃት አልነበረም። በግቢያችን ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ በጠያቂ ብዛት ይብስበት ነበር። ለእሷ ግን እናቶቻችን "ሰይጣን ነው" ብለው እኛን ወደ ቤት ሰበሰቡን።

ጨርቅ ሲለኩ የጣት ስፋት የማይጨምሩት ነጋዴው ሐጂ ኑር ብቻ ብርቱካን በከረጢት ይዘው መጡ።

"ወባ ነው እኮ፣ ሐጂ" አለች እናቷ አፍራ።

"ልብም ይታመማል፣ ልጄ። የታመመ ደግሞ ይጠየቃል።"

ሁላችንም እንድናይ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ተቀመጡ። ብርቱካን ልጠው ሰጧት። ያዘችው እንጂ አልበላችም፤ እሳቸውም አልጎተጎቷትም። ሲነሱ "ነገም እመጣለሁ" አሏት።

"ስንት ሰዓት?" አለች ራሔል።

ድምጿን ከሰማን ቆይተን ነበር።

"ሱቅ እንደዘጋሁ።"

ራሔል ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ደንበኛዬ የብርቱካኑን ግማሽ አቀበለችኝ፤ ሳልበላው እጄ ላይ ቆየ።