ለጀሊላ የሚወጣው ሰደቃ

አያቴን ከድጃን በቂም የሚወዳደራቸው የለም። ደሴ ፒያሳ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል፤ አንዴ ሜትር ያጎደለባቸውን አከፋፋይ ዛሬም ሰላም አይሉትም። በአባታቸው ግን ይብሳሉ። የመናዊው ነጋዴ ዑዘይር፣ አያቴ አራት ዓመት ሲሆናቸው ወደ ኤደን ተሻግረው በዚያው ቀሩ። አያቴ ለሙታን ዱዓ ሲያደርጉ የአባታቸውን ስም ይዘሉታል። "ጥሎኝ ለሄደ ሰው ምን ብዬ?" ይላሉ። እንዲህ ቢሉም፣ አባታቸው ፈልገዋቸው ያውቁ እንደሆነ ሳይሰሙ መሞትን እንደሚፈሩ አንድ ቀን ነግረውኛል።

ለእህታቸው ለጀሊላ ግን በየዓመቱ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በሻዕባን ወር ሰደቃ ያወጣሉ። እናታቸው ነጂባ እንዳስለመዷቸው መጀመሪያ መቃብሯ ዘንድ ፋቲሃ ይቀራሉ፣ ከዚያ ሚስኪን ያበላሉ። ጀሊላ እሳቸው ሳይወለዱ በፈንጣጣ የሞተች ታላቅ እህታቸው ናት። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያች ትንሽ መቃብር ላይ ቆሜ አሚን ብያለሁ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ሰነድ ክፍል ነው፤ ወረቀት ማገላበጥ አመል ሆኖብኛል። ዘንድሮ የኤደን ወደብ የድሮ መንገደኞች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ መለቀቁን ስሰማ የዑዘይርን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። ሦስት ቅጾች ወጡ። ሦስቱንም አነበብኳቸው። ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ።

እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው አባታቸው በሄዱበት ዓመት፣ ከኤደን ወደ ደሴ ለመመለስ የተሞላ ነው። "ልጆች፦ አንዲት ብቻ፣ ደሴ ያለች፣ ዕድሜዋ አራት። የጉዞው ምክንያት፦ ልጄን አምጥቼ ቁርአንና ዐረብኛ ላስተምራት።"

"እኔ ነኛ! ወላሂ ሊወስደኝ ነበር!" አሉ።

ያኔ የየመን ነጋዴዎች እዚህ የወለዷቸውን ልጆች ወደ አገራቸው ይወስዱ ነበር። ልጇን ዳግም ያላየች እናት ብዙ ናት።

ሁለተኛው በስድስት ወር ይከተላል። "ጉዞው ተሰርዟል። እናቷ ልጄ ጀሊላ በፈንጣጣ መሞቷን ከደሴ ሰው ልካ አርድታኛለች።"



"በዚያ ዓመት እማ ሐርቡ ይዛኝ ወረደች" አሉ አያቴ። "ከድጃ መባልን የለመድኩት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ማን ይሉኝ እንደነበር አላስታውስም።"

ፈራሁ። ያን ሁሉ ዘመን አሚን ያልንበት ጉድጓድ ውስጥ ማንም አልነበረም።

"ሦስተኛውስ?"

"ይቅርብዎት፣ እማማ።"

"አንብቢ!"

"ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በአሰብ በኩል ወደ ደሴ። ምክንያቱ፦ የልጄን የጀሊላን መቃብር ለመዘየር።"

"መጥቶ ነበር" አሉ እንባቸው እየወረደ። "እኔ ሐርቡ ቁጭ ብዬ፣ አልቅሶልኝ ተመለሰ።" ክንዴን ጨብጠው፣ "እስቲ ድገሚልኝ" አሉ።

"የልጄን የጀሊላን…"

"አቤት፣ አባ" አሉ አያቴ።