መውረጃ ያጣው ቡድን

ፀጉር አስተካካዩ የሠፈሩ እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሊጉ የአማተር ነው፤ ሰው ከሥራው መልስ ለፍቅር ብቻ የሚጫወትበት። አራት ዲቪዚዮን አለው፤ ቡድኑ አራተኛው ውስጥ ነው፣ እዚያም መጨረሻ። ከአራተኛ በታች ደግሞ ምንም ስለሌለ፣ ዓመቱን ሙሉ ተሸንፎም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይገኛል።

ይሄ ነገር ተጫዋቾቹን አበላሻቸው። በረኛው፣ በሙያው በያጅ፣ ስምንት ጎል ገብቶበት እየሳቀ ይወጣል። አጥቂው ዳቦ ጋጋሪ እንቅልፍ አሸንፎኝ ነው ብሎ ይቀራል። ዐሥራ አንድ ሆነው ሜዳ ገብተው ስለማያውቁ ቡድኑ ያለው ዐሥር ማሊያ አንድም ቀን አልጎደለም።

ጸሐፊው ግን በገነ። የሚወርዱበት ስለሌለ ነው ግድ የማይሰጣቸው ብሎ አምስተኛ ዲቪዚዮን እንዲቋቋም በየዓመቱ ለፌዴሬሽኑ ይጽፋል። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ ረቂቁን ሰምቶ ሳይጨርስ ሌላው ግማሽ አይነካለትም።

«ሰው ልውጣ ብሎ ያመለክታል፤ አንተ መውረጃ ትለምናለህ?» ትለዋለች ባለቤቱ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት ፌዴሬሽኑ ፈቀደ። የመጀመሪያው ወራጅ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለገም።

በመጨረሻው ጨዋታ አቻ ቢወጡ ይተርፉ ነበር። በዘጠኝ ሰው ገብተው ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። በያጁ ጎሉ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጸሐፊው መጀመሪያ ደስ አለው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ይህንን ነበርና። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

«ጋሼ፣ መውረጃውን ያስመጡት እርስዎ ነዎት አሉ፤ እውነት ነው?» አለ በያጁ።

«እውነት ነው።»

ማሊያቸውን አንድ በአንድ ጆንያው ውስጥ ጥለው ሄዱ፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ቡድኑን በገዛ እጄ ቀበርኩት» አላት ባለቤቱን።

«እንግዲህ የለመንከው ተሰጠህ፤ ምን ልርዳህ?»

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ የሜዳውን ቁልፍ ለዘበኛው ሊመልስ፣ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ሊደበድቡኝ ነው ብሎ ቆም አለ።

«ምነው ዘገዩ ጋሼ?» አለ በያጁ። «ልምምድ አለን። እዚያ አምስተኛ ውስጥ አንከርምም። ደግሞ ስለ ስድስተኛ ዲቪዚዮን አንዲት መስመር ቢጽፉ፣ የፀጉር ቤትዎን በር በይጄ ነው የምዘጋው።»

ጸሐፊው ጆንያውን ፈትቶ ማሊያ ማደል ጀመረ። ዐሥሩን አድሎ ሲያበቃ ጋጋሪው ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ጸሐፊው ጆንያውን አራገፈ፤ ምንም የለም። እንደገና ቆጠራቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ጋዋኑን አወለቀና ለጋጋሪው ሰጠው።

«ልበሳት» አለው። «ፀጉር አለባት፣ ትንሽ ታሳክክሃለች።»