ገመድ ላይ የተሰጣው ጓንት

ዛሬ በምሳ ሰዓት ወደ ቤተ ሙከራችን ጓሮ ብወጣ፣ ጠዋት የጣልኩት የላስቲክ ጓንት ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የከተማችን የማርቆስ ነፋስ አምስት ጣቱን ሲያወዛውዘው ሰላም የሚለኝ ይመስላል።

በዚያ ጓንት የያዝኩት ዩራኒል አሲቴት የሚባል ቢጫ ዱቄት ነው። ጨረሩ ደካማ ቢሆንም፣ ከእጅ ወደ አፍ ከገባ ኩላሊት ይጎዳል።

ያጠቡት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ምሳቸውን ሊፈቱ ሲሉ ደረስኩ።

"በባዶ እጅዎ ነው ያጠቡት?"

"ታዲያ ጓንት ለማጠብ ጓንት ላድርግ? ደህናውን ዕቃ ስትጥሉት አሳዝኖኝ ነው እንጂ።"

"ቅርጫቱ ላይ 'አትንኩ' ብዬ ጽፌ ነበር እኮ።"

"በምን?"

"በእንግሊዝኛ።"

ወደ ምሳ ዕቃቸው ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳፋና ሳሙና አምጥቼ፣ በጆግ እያፈሰስኩ አስታጠብኳቸው።

"በገዛ ምሳዬ አንተ ታስታጥበኛለህ? ተባረክ ልጄ።"

"ጥፍርዎ ሥር ደግመው ይሹት።"

እጣቢውን ለአደገኛ ቆሻሻ በተለየው ጀሪካን ስገለብጥ፣ "ደግሞ ጸበል አደረግኸው?" አሉ።

የጨረር መለኪያውን ወደ መዳፋቸው አስጠጋሁት፤ ከወትሮው በላይ አልጮኸም። እኔ ግን እጃቸውን ቶሎ አልለቀቅኩም።

ከዚያ ቅርጫቱ ላይ ያንኑ 'አትንኩ' በትልቁ በአማርኛ ጻፍኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ቆመው አነበቡት።

"ይቺን ለመጻፍ ነው እስከ ዛሬ የቆየኸው?"

እናንተስ፣ ማንበብ ያለበት ሰው በማይችለው ቋንቋ የለጠፋችሁት ማስጠንቀቂያ አለ? ካለ ንገሩኝ፤ ብቻዬን አልፈር።